የአባቴን ብስክሌት የቆለፍኩ ጊዜ

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በምሳ ሰዓት የማያልቅ ክርክር አለ። አዳማ ሜዳ ከተማ ናት፣ ብስክሌትና በቂ አውቶቡስ ካላት መኪና ምን ያደርግላታል የሚሉ አሉ። አቧራውን፣ የቀትሩን ፀሐይና ከባድ መኪናውን ማን ይችለዋል የምንል ደግሞ አለን። የዚህኛው ወገን ዋና ተከራካሪ እኔ ነበርኩ። ስንት ዓመት ተመኝቼ ያገኘኋትን አሮጌ መኪና የሚነካብኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል።

አሁን አሁን ግን ክርክሩ ሲነሳ ዝም ማለት አብዝቻለሁ። ምክንያቱ አባቴ ናቸው።

አባቴ የሚኖሩት ወንጂ ነው። በስኳር ፋብሪካው መካኒክ ሆነው አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሄዱት በብስክሌት ነው። ጉልበታቸው ለእግር መንገድ እምቢ ካለ ቆየ፤ ፔዳል ሲሆን ግን ሕመሙን ይረሳዋል። ከቤታቸው እስከ ገበያ አሥር ደቂቃ የማይሞላው መንገድ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ ታላቅ ሰው ባዩ ቁጥር ይወርዳሉዋ! ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ሽማግሌን ሰላም ማለት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። አንዱ በኦሮምኛ "አካም ቡልተኒ!" ብሎ እንዴት አደሩ ሲላቸው ይወርዱና፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ስለ ከብቱም ስለ ልጁም ጠይቀው ይወጣሉ። ሃያ ሜትር ሳይሄዱ ደግሞ ይወርዳሉ። ልጅ ሳለሁ ከኋላ ተጭኜ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ እንደተነጫነጭኩ! ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል።

ባለፈው በጋ ሸንኮራ የጫነ መኪና ሲጠጋባቸው ከአስፋልቱ ወጥተው ወደቁ። ክንዳቸው ተላላጠ እንጂ ደህና ነበሩ። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ደግሞ የምቆጣ ሰው ነኝ። ብስክሌታቸውን ዕቃ ቤት አስገብቼ ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት።

"አባባ፣ ከእንግዲህ የትም ሲሄዱ እኔ በመኪና አደርስዎታለሁ" አልኳቸው።

"የትም?"

"የትም!"

አልተከራከሩኝም። እንዲያውም ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ በመኪና ነው የሚያደርሰኝ" እያሉ ሲያወሩ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እኔ የምመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ሌላውን ቀን ወንበር በር ላይ አውጥተው አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ይውላሉ።

ሁለት ወር እንዲህ ከቆየን በኋላ፣ በፋብሪካው አብረዋቸው ያረጁት ጓደኛቸው አረፉ። የሟቹ ቤት ከሸንኮራው ማሳ ማዶ ነው፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ። "አምስት ሰዓት ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቁኝ" አልኩ።

በዚያ ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ ነበር። በማለዳ ተነስቼ አዳማ ማደያ ተሰለፍኩ። አራት ሰዓት ላይ ከፊቴ ስድስት መኪና ሲቀር መብራት ሄደና ማሽኑ ቆመ። ያኔ መኪናዬን ትቼ የወንጂ ሚኒባስ ብይዝ በደንብ እደርስ ነበር። ግን እዚያ የደረሰ ሰልፍ ይለቀቃል? አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ስል አባቴ ደወሉ።

"የት ደረስክ?"

"መንገድ ላይ ነኝ" አልኩ።

እኛ አገር ይህን ያላለ ሰው የለም። ገና ካልሲ እየፈለግን መንገድ ላይ ነን። ሰሚውም ነገሩን ስለሚያውቅ ግማሹን ቀንሶ ይሰማል። አባቴ ግን ቀንሶ መስማት አያውቁበትም።

ያን ሰዓት የዕድሩ አውቶቡስ በራቸው ላይ ቆሞ ነበር። ጎረቤቶች ቦታ ይዘውላቸው "ይግቡ እንጂ!" ይሏቸዋል። "ሂዱ፣ ሂዱ፤ ልጄ መንገድ ላይ ነው። መጥቶ ቢያጣኝ ይከፋዋል" ብለው ሸኟቸው። ኋላ ባጃጅ ልጥራ ቢሉም ባጃጅ አልነበረም፤ ባጃጆቹም እንደ እኔው ተሰልፈው ነበር።

መብራት መጥቶ፣ ቤንዚን ቀድቼ የደረስኩት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ነጠላቸውን ለብሰው፣ የጫማቸውን ክር አስረው፣ በር ላይ ተቀምጠዋል። "ቀበሩት" አሉኝ። ምነው በተቆጡኝ! ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

በሠልስቱ ማለዳ ስመጣ ብስክሌታቸውን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ነዳጅ የሞላችውን መኪናዬን ቀና ብለውም አላዩዋት። "ከፈለግክ ና" አሉኝ። የጎረቤት ሳይክል ተውሼ ተከተልኳቸው። ከባድ መኪና ባጠገባችን ባለፈ ቁጥር ፍሬን እይዛለሁ። ፍርሃቴ ውሸት አልነበረም፤ ዛሬም ያ መንገድ ለብስክሌት የሚሆን ጠርዝ የለውም፣ እኔም መኪናዬን አልሸጥኩም። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ከፊቴ ይነዳሉ፣ ይወርዳሉ፣ ሰላም ይላሉ። ሐዘን ላይ ሆነው እንኳ ፊታቸው ፈካ አለ። ምን ስከለክላቸው እንደከረምኩ ያኔ ገባኝ።

ከለቅሶው ድንኳን ራቅ ብለን ወረድንና ብስክሌታችንን እየገፋን ደረስን። የሟች ባለቤት አባቴን አቅፈው አለቀሱ።

"ወንድሜ፣ ምነው? እርስዎ እንኳ ይቀሩበታል?" አሏቸው።

ጥፋቱ የእኔ ነው ልል አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

"ሳይክሌ ተበላሽታብኝ ነው፣ እህቴ። ይቅር ይበሉኝ" አሉ።

አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ይዘውላቸው የነበሩት ጎረቤቶች እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንዳስቀራቸው ሁሉም ያውቃል። አንዳቸውም አልተነፈሱም፤ ጠጋ ጠጋ ብለው ለአባቴ ቦታ ለቀቁ፣ ለእኔም ለቀቁልኝ። ያን ጊዜ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ለሟች ያለቀስኩ መስሏቸው ጀርባዬን እየዳበሱ፣ "በቃህ ልጄ፣ በቃህ" አሉኝ።