ገዳሪፍ ላይ የጎደለው ሦስት ኪሎ

የስደት ታሪኩን የሚያወራ ሰው ሁሉ ከቤቱ በሌሊት እንደወጣ ይነግራችኋል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰኞ ቀን፣ የባቲ ገበያ ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት ነው። በሌሊት የሚሄድን ውሻ ይጮኽበታል፣ ጎረቤትም በቀዳዳ ያየዋል። በሰኞ ገበያ መሀል ግን ፌስታል አንጠልጥላ የምትራመድን ሴት ወዴት ነሽ የሚላት የለም። ያወቀችው ታናሽ እህቴ መሪማ ብቻ ነበረች። ከግመል ተራው አልፋ እስከ መኪናው ሸኘችኝና ሻሼን በግራ እጇ አስተካከለችልኝ፤ ግራኝ ናት፣ ሁሉን ነገር የምትሠራው በግራ እጇ ነው።

"እዚያ ስትደርሺ ትወስጂኛለሽ አይደል?" አለችኝ።

"ኢንሻአላህ" አልኳት። ወሎ ያደገ ሰው ይህችን ኢንሻአላህ ያውቃታል። እምቢ ማለት ሲያሳፍረን የምንላት ናት።

የመንገዱን ነገር ሆድ ይፍጀው። ካርቱም ስገባ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ነበር። ሙቀቱን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ በሰኔ ባቲም ይሞቃል፣ የባቲ ሙቀት ግን ማታ ማታ እረፍት ይወስዳል። ኪስራ የሚሉትን መጀመሪያ ሲሰጡኝ እንጀራ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ስቆርሰው ወረቀት ነው፣ ታሞ የተነሳ እንጀራ። ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው፣ መዋሸት አልችልም። ደጃፋቸው ላይ ምግብ አቅርበው አላፊ አግዳሚውን ጎትተው ያበላሉ። እኔ ግን ስንት ወር ሙሉ "ምን ፈልገው ነው?" እያልኩ መንገድ እየቀየርኩ አለፍኳቸው። አባቴ ያሳደገን "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር" እያለ ነው። ስንጥሩን ስፈልግ ስንት ገንፎ እንደቀዘቀዘብኝ አላህ ይወቀው።

ዐማራት በሚሉት ሰፈር አንዲት ደህና ሴት ቤት ተቀጠርኩ፣ ማደሪያዬን ቡሪ ሰፈር ተከራየሁ። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት ፍለጋ የተመላለስኩበትን መንገድ ብቀጥለው ባቲ ደርሼ እመለስ ነበር። ጸሐፊው ሁልጊዜ "ቡክራ ነይ" ይለኛል፣ ነገ ማለቱ ነው።

አንድ ቀን መሮኝ "ትናንትም ነገ ብለኸኝ ነበር" አልኩት።

"እሱ ነገ አልቋል" አለኝ፣ ፊቱ ሳይነቃነቅ። "ይሄ ሌላ ነገ ነው።"

ሰባት ዓመት ሰው ቤት ከሠራሁ በኋላ እመቤቴ ወንድሟ ወደ ከፈተው የጭነት ማጓጓዣ ቢሮ አዛወረችኝ። ሥራዬ ጽዳትና ሻይ ነው። በጎን ደግሞ የራሴ ነገር ነበረኝ፤ በርበሬ። መሪማ ባቲ ላይ ዛላውን ገዝታ፣ አድርቃና አስፈጭታ በጆንያ ትልክልኛለች፤ እኔ ቡሪና ኦምዱርማን ላሉ የአገሬ ሴቶች አከፋፍላለሁ። መኪና እስከ መተማ ያመጣዋል፣ ድንበሩ ላይ ካለችው ገላባት ወዲህ ደግሞ ዐም ኸሊፋ፣ አጎት ኸሊፋ እንደማለት ነው፣ የሚባሉ ሽማግሌ ሾፌር በሎሪያቸው ይጭኑታል። በመካከላችን ወረቀት የሚባል የለም። ያለን ክር ነው። መሪማ ጆንያውን በሁለት ቀለም ክር ትሰፋና ሰኞ ስልክ ደውላ "ቀዩ ሰባት፣ ጥቁሩ ሦስት" ትለኛለች። በሚቀጥለው ትቀይረዋለች። ጆንያው ሲመጣ ከፊቱ ተቀምጬ ስፌቱን እቆጥራለሁ። ዐም ኸሊፋ ሻያቸውን ፉት እያሉ ይስቁብኛል።

"ቢቲ ዘሃራ፣ እኔንም ስፊኝና ቁጠሪኝ" ይላሉ። ቢቲ ማለት ልጄ ማለት ነው። አንድም ቀን አንዲት ክር ጎድላ አታውቅም። ለመሪማ ስጦታ የምልከውም በእሳቸው ነበር፤ አንድ ዓመት ሰማያዊ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን፣ ላኩላት። ለዒድ እሱን ለብሳ ባቲን እንዳዞረች ነገረችኝ።

ከዚያ ኢንተርኔት መጣብን።

በፊት ሙዲሩ፣ ማለት ሥራ አስኪያጃችን፣ ቀኑን ሙሉ በስልክ ሲጮኽ ነበር የሚውለው፤ ሎሪው የት ደረሰ፣ ዕቃው ከወደብ ወጣ ወይ፣ እያለ። ከበራችን ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ደግሞ የመንገድ ወሬ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ የማን መኪና የት እንደተሰበረ፣ የማን ዕቃ ኬላ ላይ እንደተያዘ ያውቃሉ፣ ነጋዴ ሁሉ ይለማመጣቸዋል። አንድ ዌብሳይት ሲከፈት ሁለቱም ቀረ። ጭነቱ በየጣቢያው ይመዘናል፣ ጣቢያ ያለው ሠራተኛ ክብደቱንና ሰዓቱን ይጽፋል፣ ነጋዴው ዱባይ ተቀምጦ ቁጥር መትቶ ያያል። ዛፉ ሥር የነበሩት አንድ በአንድ ጠፉ። ሙዲሩ መጮኹን ተወ፤ እኔ ግን ዝም ያለ አለቃ የበለጠ ያስፈራኛል።

ኮምፒውተሩን የምትመራው ኢብቲሳም ናት፤ እናቷ የወልድያ ሴት፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ ካርቱም ተወልዳ ያደገች። አማርኛዋ እንደነገሩ ነው፤ ለሴትም ለወንድም "አንተ" ትላለች።

"ያ ኸልቲ ዘሃራ፣ ያንተ በርበሬ ጭምር እናስገባ" አለችኝ፤ ኸልቲ አክስቴ ማለት ነው። "ዐም ኸሊፋ ኸላስ ተመዝግቧል። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።"

"ማን ነው የሚያየው?"

"ቁጥሩን ያወቀ ሰው።"

"ፖሊስስ?"

"ፖሊስ በርበሬ ምን ያደርጋል?"

"እሱን እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ከተቻለ ስሜን አትጻፊ።"

"ስም ግዴታ ነው። የድርጅት ስም ማነው?"

"ድርጅት የለኝም።"

"አድራሻ?"

"ቡሪ፣ ከዳቦ ቤቱ ኋላ።"

ትንሽ አሰበችና "ኸልቲ፣ ዳቦ ቤት ኋላ ብሎ አይቀበልም" አለችኝ። በመጨረሻ የቢሮውን አድራሻ ጻፈችና እኔም ድርጅት ሆንኩ። ለመሪማ በስልክ ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ "ታዲያ ካደግሽ መቼ ነው የምትወስጂኝ?" አለች። ኢንሻአላህ አልኳት። ይህችን ቃል ስንት ዓመት እንደበላኋት አሁን ስቆጥር አፍራለሁ።

ሦስተኛው ወይ አራተኛው ጭነት ላይ ነው። መሪማ "ቀዩ አምስት፣ ጥቁሩ አምስት" ብላኛለች። ጆንያው ሲመጣ ቀይም ጥቁርም የለም። ጥርቅም ተደርጎ በነጭ የናይለን ክር ተሰፍቷል፣ የሎሪ ሸራ በሚጠግኑበት። ደሜ ፈላ። ሄጄ ለኢብቲሳም ክፈቺልኝ አልኳት። ገላባት ሃምሳ ሁለት ኪሎ፣ ካርቱም አርባ ዘጠኝ። መሀል መንገድ፣ ገዳሪፍ ከተማ ላይ፣ ሁለት ቀን ቆሟል።

ኮምፒውተሩን አንድም ቀን አምኜው አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ያመንኩት የጠረጠርኩትን ስለነገረኝ ነው።

ግቢው ውስጥ፣ ሾፌሮች ሁሉ ባሉበት፣ "ዐም ኸሊፋ፣ ገዳሪፍ ሁለት ቀን ምን ሲሠሩ ነበር?" አልኳቸው።

ሻያቸውን ፉት አሉ።

"ጎማ ፈነዳ?"

"ጎማ አልፈነዳም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"አማና ነው፣ ቢቲ። አደራ ነው። አትጠይቂኝ።"

"አደራው ሦስት ኪሎ በርበሬ ነው?" አልኩ። ድምፄን ዝቅ ማድረግ እችል ነበር፤ አላደረግኩም። "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" ብዬ በአማርኛ ጨመርኩበት። ቃሉ ባይገባቸውም ፊቴ ነግሯቸዋል። ሻያቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የተረፈ ሻያቸውን ያፈሰስኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሙዲሩ ሰምቶ ጠራኝ፣ መዝገቡን አየ፣ ቁጥሩ ይመሰክራል። ኢብቲሳም ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችኝና አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ የዐም ኸሊፋ ስም ከሾፌሮቹ ዝርዝር ወጣ። በፊት ቢሆን ሰው ለማባረር ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ እናቴ ከገበያ ደወለች። ብዙ ጊዜ መሪማ ናት መጀመሪያ የምታናግረኝ።

"ልጄ፣ በደህና ደረሰችልሽ?"

"በርበሬው? ደርሷል እማ።"

"መሪማን ነው የምልሽ። ነገሩ ካለቀ ወዲያ አትደብቂኝ፤ ሁሉን አንቺ አዘጋጅተሽላት እንደምትሄድ ነግራኛለች፣ ዱዓ አድርጌ ሸኝቻታለሁ። ብቻ ልብስ ግዢላት። ባዶ እጇን ነው የወጣችው፤ ስንቅ እንኳን አልያዘችም።"

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። "እሺ እማ፣ አብሽሪ" አልኩ።

ማታውን ሳልጠብቅ ቡሪ ሄጄ ባዶውን ጆንያ ከአልጋዬ ሥር ጎተትኩት። የክሩን ቀለም አይቼ ነበር፣ ስፌቱን ግን አላየሁም። ነጩ ክር ሁሉ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፣ መጨረሻው ላይም እሷ የምትቋጥራት ድርብ ቋጠሮ አለች። ጆንያውን የከፈተችውም መልሳ የሰፋችውም መሪማ ናት። ሦስቱ ኪሎ ልብሷ ነበር። ሁሉን እኔ እንዳዘጋጀሁላት ብላ ጓዝ ስትሸክፍ እናቴ ብታያት ትጠረጥር ስለነበር በርበሬ ውስጥ ቀብራ ላከችው፤ ራሷም በዚያው ሎሪ መጥታ ገዳሪፍ ላይ አወጣችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ሎሪው ያወቀውን፣ ሚዛኑ ያወቀውን፣ እኔ እህቷ አላወቅኩም።

በማግሥቱ ዐም ኸሊፋን ኦምዱርማን ሎሪዎች በሚቆሙበት አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"በቁርኣን አስምላኝ ነው" አሉ። "ከገላባት የእህቴ ልጅ ናት ብዬ ጋቢና አስቀመጥኳት። ገዳሪፍ ስንደርስ ወደ ፖርት ሱዳን ነው የምሄደው አለች፤ ከዚያ በባሕር ጅዳ። ብቻዋን ጥያት አልሄድም ብዬ ሁለት ቀን ጠበቅኩ፣ ወደዚያው የሚሄዱ የአገራችሁ ሴቶች እስኪመጡ። ክሩም የእኔ ነው።"

"ለምን ወደ እኔ አላመጧትም?"

"ለመንኳት። 'እህቴ ኢንሻአላህ ትለኛለች' አለችኝ።" ክንዴን ለቀው ጨመሩ፤ "ኮምፒውተሩ መቆሜን ጻፈ፤ ትክክል ነው፣ ቆሜያለሁ። አንቺ ግን ሰው ነሽ፤ ትንሽ ብትጠብቂኝ ምን ነበር?"

ሙዲሩን ለምኜ ስማቸውን አስመለስኩ፤ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ፖርት ሱዳን ለሚሄድ ሾፌር ሁሉ የመሪማን መልክ ተናገርኩ። ኢብቲሳምን አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ "እስቲ ፈልጊያት፣ ስሟን ጻፊው" አልኳት።

ጽፋ ወደ እኔ ዞረች። "ያ ኸልቲ፣ ይሄ ቁጥር ላለው ዕቃ ነው" አለችኝ። "ሰው ቁጥር የለውም።" ከዚያ የእኔን ጭነት ከፈተችልኝ። እስካሁንም እዚያው ነው፤ በአረብኛ "ደርሷል" ይላል።

እናቴ አሁንም ሰኞ ሰኞ ትደውላለች። መሪማ ሥራ ላይ ናት እላለሁ፤ እመቤቷ ስልክ አትፈቅድም እላለሁ። በዒድ ማግሥት ደወለችና "እንዴት አማረባት? ምን ለበሰች?" አለችኝ። ደስ እንዲላት ብዬ፣ ውሸቴም እንዲያምር ብዬ፣ "ያንን ሰማያዊ ቶቧን ለብሳ ነው የዋለችው" አልኳት።

ስልኩ ውስጥ የገበያው ጫጫታ ብቻ ይሰማኛል፤ ግመሎቹ፣ ሰዎቹ። የተቋረጠ መሰለኝ።

"ቶቡ እዚህ ነው ያለው፣ ልጄ" አለች እናቴ። "ትታው ነው የሄደችው፤ ሳጥኗ ውስጥ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ።"

"እማ..." ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

"በይ ከሥራ ስትመለስ ሰላም በይልኝ" አለችና ዘጋችው።