በመካነ ሰላም ጉም ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሃ

መካነ ሰላምን ከማየቴ በፊት ሰማኋት። የጫነን መኪና ሲቆም የበልግ ጉም ከላይ እስከ ታች ውጦን ነበር፤ አጠገቤ የቆመችው ጓደኛዬ እንኳ ድምፅ ብቻ ሆና ቀርታለች። መጀመሪያ አህያ አናፋ። ቀጥሎ ደወል ተደወለ፤ ትንሽ ቆይቶ ከሌላ አቅጣጫ አዛን ተሰማ። አንዲት ሴት የሆነ ሰው ስም ደጋግማ ትጣራለች። ሁሉም ከዚያው ከነጩ ውስጥ ይወጣል፣ እዚያው ይጠፋል። እንቅልፍ የያዘኝ መስሎኝ ጣቴን ቆነጠጥሁ።

ያኔ በባዮሎጂ ተመርቄ በዩኒቨርሲቲው ረዳት ሆኜ ከተቀጠርሁ ብዙ አልቆየሁም። አብዮቱ ፈነዳና ትምህርቱ ተዘጋ፤ ተማሪውም አስተማሪውም ለዘመቻ ወደየገጠሩ ተበተነ። እኔ ወደ ወሎ ስመደብ ያስተማሩኝ ሽማግሌ መምህር ቤተ ሙከራው ድረስ ጠርተውኝ ከቁም ሳጥን ውስጥ አንድ የእንጨት ሣጥን አወጡ። በውስጡ ማይክሮስኮፕ ነበር፤ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከሥሩ ባለች ትንሽ መስታወት የፀሐይ ብርሃን የሚቀበል።

«እዚህ ተዘግቶበት አቧራ ከሚጠጣ አንቺ ጋር ይሂድ» አሉኝ። «ያየሽውን ለሰው አሳዪ። ያላየሽውን ግን አየሁ እንዳትዪ።»

በዚያ ዘመን ጀማሪ ተመራማሪ ከመምህሩ በጎ ፈቃድ በቀር ሌላ ደጋፊ አልነበረውም። ዛሬ በማገለግልበት የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ፣ ሥራቸውን ገና የጀመሩ ልጆች የመጀመሪያውን ድጋፍ ከማን አገኙ ብለው ሲጠይቁኝ ያን ሣጥን እነግራቸዋለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ።

ረሀቡ አልፏል ይባል ነበር። ከከተማዋ ግን ገና አልወጣም። በራቸው የተዘጋ ቤቶች ነበሩ፤ ሰዎች ስለ አንድ ጎረቤት ማውራት ጀምረው መሃል ላይ ዝም ይላሉ። እኛ ያረፍነው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲሆን ውሃ የምትቀዳልን አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት ነበረች። በክፉው ቀን ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ በደሴ መንገድ ወዳለው የእርዳታ መጠለያ ሄዳ ነበር። ልጆቹ እዚያው በተቅማጥ ሞቱባትና ብቻዋን ተመለሰች። ይህን የነገሩን ሌሎች ናቸው፤ እሷ ብዙም አትናገርም። እንስራዋን አዝላ ስትመጣ ሁልጊዜ የመንገዱን ዳር ይዛ፣ ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው፤ አጠገቧ እግራቸው ያልጠና ልጆች ያሉ ይመስል ቦታ ትተውላቸዋለች። ከጉሙ ስትወጣ ባየኋት ቁጥር ሳላስበው ዓይኔ ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

አንድ የገበያ ቀን ማይክሮስኮፑን ለሕዝብ ለማሳየት ተስማማን። የዘመቻ ጣቢያችን መሪ የምህንድስና ተማሪ ነበር፤ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ልቡ ቅን። «ዛሬ ሳይንስ ለሰፊው ሕዝብ ይታያል!» እያለ ገበያውን ዞረ። ሰው ተሰበሰበ። ጠረጴዛ አወጣን፤ ሰው ሁሉ ከሚቀዳው ከታችኛው ምንጭ የመጣውን ውሃ በመሣሪያው ብርጭቆ ላይ ጠብ አደረግሁ። ጉሙ ግን እንደ ተኛ ነው። ፀሐይ ከሌለ መስታወቷ ምንም አትሠራም።

ጠበቅን። ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። ፍየሎች መጥተው ሣጥኑን አሸተቱ። ከፊት የተቀመጡት አንድ ሸኽና አንድ ቄስ ነበሩ፤ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ስለ ጤፉ ዋጋ እያወሩ ቆዩ። በመጨረሻ ሸኹ እጃቸውን ዘረጉ።

«ያረቢ፣ ለነዚህ ልጆች ፀሐዩን ግለጥላቸው። ከሩቅ አገር ነው የመጡት።»

«አሜን» አሉ ቄሱ፣ ሌላውም ሰው ተከተለ።

ጉሙ ወዲያው አልሄደም። ቆይቶ ቆይቶ እንደ ነጠላ ሳሳ፤ ከዚያ ከቆላው በኩል የመጣ ነፋስ ቀደደውና ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። መስታወቷን አዞርሁ። በጠብታዋ ውስጥ ስስ፣ ብርጭቆ የመሰሉ ፍጥረቶች በፀጉራቸው እየቀዘፉ ሲዞሩ፣ ሲጋጩ፣ እንደገና ሲሄዱ ታዩኝ። በመጽሐፍ የማውቃቸው ናቸው፤ እዚያ ግን አዲስ ሆኑብኝ።

ሸኹ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ። «ሱብሃን አላህ! ይህ ሁሉ ባንዲት ጠብታ?» ቄሱም አይተው አማተቡ። ሰው እየተጋፋ ተራ ያዘ፤ የሚስቅ አለ፣ ደንግጦ የሚሸሽ አለ። ውሃ ቀጂያችን ተራዋ ሲደርስ እንስራዋን አውርዳ ጎንበስ አለች። አልተነሣችም። ብዙ ቆየች። ከኋላዋ ያለው ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጆቼን የበላው ይሄ ነው?»

መሪያችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አዎ በያት» አለኝ በሹክሹክታ፤ «ሁሉም አፍልቶ ይጠጣል። ስንት ሕይወት ይተርፋል!»

ያለው ነገር ክፉ አልነበረም። «አዎ» ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን አልቻልሁም።

«አይደለም፣ እትዬ» አልኋት። «እነዚህ ሰው አይገድሉም። የሚገድለው ከነዚህም በጣም ያንሳል። ይህ መሣሪያ አያሳየውም።»

«አንቺስ አይተሽዋል?»

«ሌሎች በተሻለ መሣሪያ አይተውት ጽፈዋል። እኔ ገና አላየሁትም።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከዓይነ ምድር። ከሰውም፣ አንዳንዱ ከከብትም። ወደ ውሃው ይገባል፣ ከውሃው ወደ አፍ። ውሃው ከፈላ ይሞታል።»

«አፍሉ ትያለሽ። በምን? እንጨቱን በክፉው ቀን ሸጠን ጨረስነው። ኩበት እንዳንለቅም ከብቱ አልቋል።»

ቃሏን የተቀበሉት ቄሱ ናቸው። «የተረፈው ከብት እኮ ዛሬም ምንጩ ውስጥ ገብቶ ነው የሚጠጣው» አሉ ወደ ሸኹ ዞረው። ሸኹም፣ «እኛም ከላዩ ነው ልብስ የምናጥበው» አሉ። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ከእኛ እጅ ወጣ። ምንጩን በካብ ለማጠር ድንጋይ በማን በኩል እንደሚመጣ፣ ከብቱ የት ገንዳ እንደሚሠራለት፣ ከዐርብና ከበዓላቱ የትኛው ቀን ለሥራ እንደሚተርፍ ሲከራከሩ ዋሉ።

የምንጩ ሥራ በልቤ የቀረው እንደ ሕልም ነው። ጉሙ ተመልሶ ነበር። ከዳገቱ እስከ ምንጩ ተሰልፈን ድንጋይ እንቀባበላለን፤ የሚያቀብለኝን ሰው አላየውም፣ ከነጩ ውስጥ ሁለት እጆች ድንጋይ ይዘው ብቅ ይላሉ፣ እቀበላለሁ፣ ወደ ሌላ ነጭ አሳልፌ እሰጣለሁ። አንዱ ቢስሚላሂ ይላል፣ ሌላው በስመ አብ። መሪያችን መፈክሩን ትቶ ድንጋይ ተሸክሟል። ካቡ ሲያልቅ ውሃው በድንጋዩ መሃል በቀጭኑ ይወርድ ጀመር፤ ውሃ ቀጂያችን እንስራዋን ከሥሩ አድርጋ ሞልቶ እስኪፈስስ ቆማ አየችው።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ከፋ። በመሬት ክፍፍሉ ጠብ ተነሣ፤ ከጓደኞቻችን የታሰሩ ነበሩ፣ ሌሎችም ጠፉ። እኔ ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ማይክሮስኮፑን ለመምህሬ አስረከብሁ። ምን ታዘብሽ ሲሉኝ የሴትዮዋን ጥያቄ ነገርኋቸው። ሣጥኑን ወደ ቁም ሳጥኑ እየመለሱ፣ «እንግዲህ የዕድሜ ልክ ሥራ አገኘሽ» አሉኝ። እውነትም ሥራዬ በውሃ የሚተላለፍ በሽታ ሆኖ ቀረ። ያን ያላየሁትን ነገር በኋላ አየሁት፤ ባየሁት ቀን የላቦራቶሪውን በር ዘግቼ ለልጆቿ አለቀስሁ።

ብዙ ዓመት አለፈ። አካዳሚያችን ወጣት ተመራማሪዎችን ወደ ትንንሽ ከተሞች እየላከ ሳይንስን ለሕዝብ ማሳየት ሲጀምር፣ መካነ ሰላም ትጨመር ብዬ ጠየቅሁ፣ አብሬያቸውም ሄድሁ። መኪናው ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ገባ። ልጆቹ መሣሪያቸውን ሲዘረጉ እኔ ስለሴትዮዋ ጠየቅሁ። አለች አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ልጆች ወልዳ አሳድጋለች፤ አንደኛው የልጅ ልጇ እጇን ይዞ አመጣት። አርጅታለች። ፊቴን በሁለት እጆቿ ይዛ አገላብጣ ሳመችኝ።

«ማይክሮስኮፑን ያስታውሱታል?» አልኋት።

«ምኑን?»

«ያን በጠብታ ውሃ ውስጥ ያየንበትን። ጥያቄ የጠየቁኝን ቀን።»

አሰበች። «እንጃ ልጄ። ረስቼው ይሆናል።» ቀጥሎ ፊቷ በራ። «አንቺን ግን እንዴት እረሳለሁ! ድንጋይ እንዳቀፍሽ ጭቃው ላይ ዘፍ ያልሽ ጊዜ!»

«እኔ?»

«ወላሂ አንቺ! እስከ ወገብሽ ጭቃ ሆነሽ ድንጋዩን አለቅም አልሽ እኮ። ሸኹም ቄሱም ፊታቸውን አዙረው ሲስቁ እኔም ሳቅሁ። ልጆቼን ከቀበርሁ ወዲህ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሳቅሁ። ደንግጬ አፌን ያዝሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ።»

በትዝታዬ ውስጥ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ያ ጉም አለ፣ እጆቹ አሉ፣ ውድቀቱ የለም። እሷ ግን እንዴት እንደተንሸራተትሁ በእጇ እያሳየች መሳቅ ጀመረች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከወጣቶቹ ተመራማሪዎች አንዱ መሣሪያውን ትቶ መጣና ምን እንደሚያስቀን ጠየቀን። እሷም አጠገቧ አስቀመጠችውና ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግረው ጀመር።