ካፖርት ውስጥ የፈካችው

በከዘራና በሰው ድጋፍ የተሳፈሩት ሽማግሌ ጎኔ ተቀመጡ። አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ካፖርታቸውን እቅፍ ያደርጋሉ።

"ሹፌር፣ ቀስ በል እንጂ ልጄ! አራስ ይዣለሁ!"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን የካፖርታቸውን ቁልፍ ፈተው አሳዩኝ። በጣሳ የተተከለች፣ ቅጠሏ የወፈረ ተክል ናት፤ አናቷ ላይ አንዲት ቀይ አበባ ፈክታለች።

"ውኃ አብዝቼ ልገድላት ነበር! ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ በስልክ ትቆጣኛለች፤ 'ተዋት፣ ትጠማ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ካርቶን ድፋባት፤ ጨለማ ካልጠገበች አታብብም' እያለች። ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን ባነሳው፣ ፍክት ብላ ጠበቀችኝ!"

ሆስፒታሉ በር ላይ ወረዱ። ከዘራቸው ወንበሩ ላይ መቅረቱን ያየሁት አውቶቡሱ ሲነሳ ነው።

"አባባ! ከዘራዎን ረስተዋል!" ብዬ በመስኮት ጮህኩ።

አልሰሙኝም። እየሮጡ ነበር።