የሰጋቱራው ምልክት

ጡረተኛው መምህር ፉፋ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንጅና ያገር ሰው አብሮ የሚሮጥበት ማኅበር አባል ነበሩ። ወጉ ቀላል ነው፤ አንዱ ቀድሞ መንገዱ ላይ በዱቄት ምልክት እየጣለ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ይከተሉታል። ምልክቱን ያየ «እዚህ ነው!» ሲል፣ ከኋላ ያሉት «መጣን!» ይላሉ።

ዘንድሮ የድሮ ጓደኞቻቸው፣ አንዱ ከኖርዌይ ሳይቀር፣ ተጠራርተው እሳቸው ወደሚኖሩበት ነቀምቴ መጡ። ፉፋ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ከሰፈራቸው ከቡርቃ ጃቶ እስከ ጉቴ ከተማ ምልክት ጣሉ። እህል መሬት ላይ መድፋት ነውር ነው ብለው በዱቄቱ ፋንታ ሰጋቱራ በተኑ።

ጉቴ ደርሰው አንድ ዛፍ ሥር ሲጠብቁ ጓደኞቻቸው በሚኒባስ ከች አሉ።

«ጉልበቱ የት አለና ፉፋ!» አለ ከመካከላቸው አንዱ፣ እሸቱ፣ እየሳቀ።

ምሳ በሉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ በዚያው ወደ አዲስ አበባ ነጎዱ። እናድርስህ ያለ እንኳ የለም።

ፉፋ በእግራቸው ተመለሱ። ሰጋቱራው ጠዋት እንደጣሉት ነው፤ የሯጭ ኮቴ አልነካውም። ሰፈራቸው ሲደርሱ የመጀመሪያውን ምልክት አዩና ሳያስቡት «እዚህ ነው!» ብለው ጮኹ።

ደጇን የምትጠርገው ጎረቤታቸው ሊሊሴ ቀና አለች።

«ኦቦ ፉፋ፣ ይሄን ሰጋቱራ ልጥረገው?»

«ተይው» አሉ ፉፋ። «ከኋላ ናቸው፣ ይመጣሉ።»