ከአንድ ጣሳ የጠጣን ቀን

ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ትክል ድንጋይ ለማስተማር ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ዓለም እስካቀናት ድረስ ተጣማ የምትጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። ዘመኑ የንጉሡ ነው። ጋዜጣ ጎንደር የሚደርሰው ሰንብቶ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ዕቃ ተጠቅልሎበት ነው። ከእንዲህ ያለ ቅዳጅ ላይ አንድ ወሬ አነበብኩ፤ ባሕር ማዶ ጥቁሮች፣ ነጮች ብቻ የሚበሉበት ቤት ገብተው ተቀመጡ። አናስተናግድም ተባሉ። ተሰደቡ፣ ምግብ ተደፋባቸው፤ እነሱ ግን ካልበላን አንነሳም ብለው ዋሉ።

ይህን ለአራተኛ ክፍል ልጆቼ ተረክሁላቸው፤ እንዴት ያሉ ሸጋ ሰዎች ናቸው አልኩ። ስጨርስ አንድ የሙስሊም ነጋዴ ልጅ እጁን አወጣ።

«ምነው ጋሼ፣ የራሳቸው አራጅ የላቸውም?»

ክፍሉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ሥጋ አይበላ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። በሠርግ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይበላል፣ በዚህ የተቀየመ ሰው አላየሁም። ለየብቻ መብላት እንዴት በደል እንደሚሆን ላስረዳ ሁለት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሁለቴም መሐል ላይ ጠፋኝ። በልጆቹ ተናደድኩ፤ የተናደድኩት በራሴ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በዚህ መሐል ዓይኔ አንዲት የሸክላ ሠሪ ልጅ ላይ አረፈ። ቤተ እስራኤል ናት፤ ያኔ የምንጠራቸው በሌላ ስም ነበር፣ መድገሙን አልወድም። ግቢያችን ያለውን የውሃ ጋን የሠራችው እናቷ ናት። ከዚያ ጋን ሁላችንም እንጠጣለን፣ ልጅቷ ግን ከቤቷ በቅል ያመጣችውን ውሃ ጥግ ይዛ ለብቻዋ ትጠጣ ነበር። ልጆቹ ቡዳ ናት ብለው እንደሚሸሿት አውቃለሁ። ይኸው በደል፣ ባሕር ማዶ ምን ወሰደኝ አልኩ በሆዴ። ሁሉንም አስወጥቼ አሰለፍኩ፣ በጣሳ ቀዳሁና መጀመሪያ ለእሷ ሰጠኋት። ዓይን ዓይኔን አየችኝና ጠጣች። ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ሌሎቹ፤ አንዳንዱ ፊቱን አጨማዶ፣ አንዱ አማትቦ። ያን ቀን ኮርቼ ዋልኩ።

በማግስቱ ልጅቷ ቀረች። በሦስተኛው ቀን እናቷ መጣችና ከአጥሩ ውጭ ቆመች። ግቢ ብላት እንቢ አለች።

«ጌታው፣ ልጄ ምን በደለችዎ? ከሰው ጣሳ አጠጥተው ሰደዱብኝ። ወንዝ ወርዳ ታጥባ እስክትነጻ ቤት አልገባችም። አባቷ እንግዲህ ትምህርት ይብቃት ብሏል።»

«እኔ እኮ እንዳይንቋት ብዬ ነው» አልኩ።

«መናቁንማ ለምደነዋል። እሱ የእነሱ ነው። ቅሉ ግን የእኛ ሕግ ነው።»

ግራ ገባኝ። ልጆቹ ይሸሿታል፣ ያ በደል ነው። እሷም ከእነሱ ጋር አትነካካም፣ ያ ደግሞ ሃይማኖቷ ነው። የቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ዛሬም በሽምግልናዬ አልለየሁትም። ያን ዕለት የገባኝ ነገር ቢኖር ፊደል ለመቁጠር ደፋ ቀና የምትል ልጅ በእኔ የተነሳ ከትምህርት ልትቀር መሆኗ ነው።

«በቅሏ ትጠጣለች ካሉኝ አባቷን እለምነዋለሁ» አለች እናቷ። ማልኩላት።

ልጅቷ ተመለሰች። ሌሎቹ ለጨዋታ ሲወጡ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ ራቅ ብላ ቆመች።

«ጋሼ፣ እነዚያ ባሕር ማዶ ያሉት፣ ሸጋ ሰዎች ናቸው ያሉን እንቢ በማለታቸው ነው?»

«አዎ» አልኳት።

«እኔስ ያን ዕለት አልጠጣም ብል ምን ያደርጉኝ ነበር?»

መልሱን አውቀዋለሁ። እገርፋት ነበር።