ለእትዬ ዘሀራ ያላነበብኩት መስመር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጾም አንድ ነገር ጠይቄ ተመለስኩ። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። የሴትዮዋ ስም ዘሀራ አይደለም፤ ቀይሬዋለሁ። ቢያንስ ያንን ሚስጥር ልጠብቅላቸው።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። የጠየቀኝንም ያልጠየቀኝንም ካላስረዳሁ አይሆንልኝም። የተከራየሁት ክፍል እትዬ ዘሀራ ግቢ ውስጥ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቀወት ያለችውን ማሳቸውን እያሳረሱ ማሾ የሚያመርቱ፣ ልጅ ያልነበራቸው፣ ቀልደኛ ሴት ነበሩ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ እንዳለ ከጤና ጣቢያው ሰዎች ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መድኃኒታቸውን አንድም ቀን አያስተጓጉሉም። ማንበብ ስለማይችሉ፣ በዋጡ ቁጥር ነጥብ የሚያደርጉበት ሠንጠረዥ በማስመሪያ አስምሬ ሰጥቻቸዋለሁ።

«ቲቸር፣ ይሄን በሽታ ስም መጥሪያ ላይ አሰፈርሽው እኮ!» እያሉ ይስቁ ነበር። «ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ቀርቶ አያውቅም።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። ቫይረሱ ላለባቸው ሴቶች የሚደረገውን የማህፀን በር ምርመራ አድርገው ነበር።

«ነርሷ ደብረ ብርሃን ሂጂ አለችኝ። ሰው ከቧት ስለነበር ደግሜ አልጠየቅኋትም። እስቲ አንብቢልኝ።»

በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አነበብኩት። የመጀመሪያው መስመር ቫይረሱ እንዳለባቸው ይናገራል። ሁለተኛው፣ በማህፀን በር ላይ የታየው ነገር ካንሰር ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ሦስተኛው፣ በአስቸኳይ እንዲታዩ ያዝዛል። ሁሉም ገብቶኛል። አልገባኝም ነበር ብዬ ላመልጥ አልችልም።

«ምን ይላል? ነቀርሳ ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም እትዬ! ትንሽ ቁስል ናት።»

«እንዲያ ከሆነማ ማሾዬ ሊደርስ ነው። ካለፈበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፍብኛል። ለቀማውን ጨርሼ ብሄድስ?»

«ይጨርሱ። ምንም አይልም።»

«አልሐምዱሊላህ! አንቺ ካልሽ አበቃ።»

እኔ ካልኩ አበቃ። ለምን አልኩ? በአገራችን ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም፤ ለቅርብ ዘመድ ነው የሚነገረው። ያደግሁበት ወግ ነው፤ ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ወንድማቸው ጋሼ ሰይድ ለለቀማው ከካራቆሬ ሲመጡ ለእሳቸው እነግራለሁ ብዬ ወረቀቱን በትምህርት ዕቅድ ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ጋሼ ሰይድ መጡ። ወረቀቱን ይዤ እስከ ደጃፉ ወጣሁ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው መስመር ትዝ አለኝ። እትዬ ዘሀራ ለዓመታት ከወንድማቸው የደበቁት ነገር እዚያ ተጽፏል። ተመለስኩ። አሁን ይህን ስጽፍ ጥሩ ምክንያት ይመስላል። ግን ወረቀቱን ሳላሳይ በአፌ መናገር አልችልም ነበር? ጓሮ ተቀምጠው ጆንያ ለሚሰፉት ለራሳቸው ለእትዬ ዘሀራስ «ዋሽቼዎታለሁ፣ ነገ እንሂድ» ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ግን እንባቸውን ማየት ፈራሁ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ መልካም ነገር የምታስረዳ ቲቸር መሆን ጥሞኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ስለ ሕዋስ አስተምሬያለሁ። ቫይረሱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክም እንዲህ ያለው ካንሰር ቫይረሱ ባለባቸው ሴቶች ላይ እንደሚፈጥን፣ ቶሎ ከተገኘ ግን እንደሚታከም አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ያዘገየሁት።

ማሾው ተለቅሞ፣ ተወቅቶ አለቀ። እሳቸው ደም ይፈሳቸው ጀመር። በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ስንወጣ ብርዱ እያንቀጠቀጣቸው፣ «ቲቸር፣ ይሄ አገር ሰውን ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ ነው እንዴ የሚያክመው?» አሉኝ። ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለና እኔን አየኝ። ለምን እስካሁን እንደቆየን ጠየቀ። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ይቺን ልጅ አትቆጣት፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው። ማሾዬን ብዬ ነው የቆየሁት።»

የኔን ጥፋት በራሳቸው ላይ ሲጭኑ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ።

በሽታው ተሰራጭቶ ነበር፤ እሳቸው ግን ትንሿ ቁስል በለቀማው ጊዜ የከፋች መሰላቸው። የቀረው የጨረር ሕክምና ነው፤ ለእሱ አዲስ አበባ ወረፋ ተያዘላቸው። ተመልሰን ጠበቅን። ሠንጠረዡ ላይ ነጥባቸውን ማድረግ አላቆሙም። እጃቸው ሲደክም እኔ አደርግላቸው ጀመር።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ጎረቤቱ ሁሉ አፉ ሊባባል መጣ። በዚህ አገር በሽተኛ ሲደክም ይቅር መባባል ግድ ነው። እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ «ባወቅሁትም ባላወቅሁትም አፉ በይኝ» ይላል፤ እሳቸውም «አፉ ብያለሁ» ይላሉ። ተራዬ ሲደርስ እኔም እንደ ሰዉ ያንኑ ቃል አልኩ።

እትዬ ዘሀራ እጄን ያዙኝ። «አፉ ብያለሁ። ደግሞ አንቺ ምን በድለሽኝ ታውቂያለሽ ቲቸር? እስቲ አንድ እንኳ ንገሪኝ።»

ጋሼ ሰይድ ግርጌያቸው ተቀምጠው ነበር። ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። ግን ጆሯቸው ከአፌ አንድ ስንዝር አይርቅም፤ በሹክሹክታ መናገር እችል ነበር።

«ምንም» አልኩ።

«አየሽ?» ብለው ፈገግ አሉ። በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ከአዲስ አበባ አልተደወለም ነበር።

ሰው ቢሰማ፣ «አፉ ብለውሽ የለ እንዴ? ምን ያስጨንቅሻል?» ይለኛል። አዎን፣ ብለውኛል። ነገር ግን እሳቸው አፉ ያሉት ምንም ላልበደለቻቸው፣ ወረቀቱን በትክክል ላነበበችላቸው ቲቸር ነው። ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም።