ሟች የሌለው ድንኳን

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች በገበያው ዋና መንገድ ሁለት ጫፍ የብረት ችካል ተክለው መንገዱን ለመኪና ዘጉ። ከተማዋ በእስቴ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ተወልጄባታለሁ፤ ከባሕር ዳር የሄድኩት ግን ለዘገባ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ «እግረኛው ይተንፍስ፣ ገበያውም ይነቃቃ ብለን ነው» አለኝ። ጻፍኩት። በወጣትነቴ ይህንኑ መንገድ ለመኪና የከፈቱት ገበያው ይነቃቃ ብለው ነበር።

ያኔ ገና ሥራ ጀማሪ ነበርኩ። መንገዱ ድንጋይ ተነጥፎበት ለእግረኛ ብቻ ከሆነ ዓመታት አልፈው ነበር። ከደብረ ታቦር የሚመጣው አውቶቡስ መንገደኛውን ከከተማው ጫፍ አራግፎ ይመለሳል። መሀል ድረስ የሚዘልቅ ገዢ ጠፋ፤ ሱቆቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በተዘጉት ደጆች ፊት የጉልት ሴቶች በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጌሾ ይዘው ተቀመጡ። የእናቴ ታናሽ እህት እትየ ታንጉት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳድጉ የነበረው እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ባለሱቆቹ መኪና ይግባልን ብለው አመለከቱ፤ ተፈቀደላቸው። ጉልቶቹ ወደ ቄራው ጀርባ እንዲሄዱ ታዘዘ። እዚያ ውሻ እንጂ ገበያተኛ አያልፍም።

ግንቦት ማለቂያ ነበር። ሰማዩ ይጠቁራል እንጂ አይዘንብም፤ አቧራው ከበርበሬው ጋር ጉሮሮ ይከረክራል። መኪና ሊገባ በተባለበት ጠዋት መንገዱ መሀል የዕድር ድንኳን ተተክሎ ተገኘ። የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እትየ ታንጉት እጅ ነበር። በአገራችን የለቅሶ ድንኳን የሚደፍር የለም፤ ፖሊሱም ቆቡን አውልቆ ዳር ቆመ። ባጃጆቹ ተደርድረው ቀሩ። አንዱ ሹፌር ክላክስ ቢነካ፣ ጓደኛው «አንተ ውርጋጥ፣ የሰው ለቅሶ ነው!» ብሎ ጮኸበት።

እትየ ታንጉት ፖሊሱን አስበው ነበር፤ ለቀስተኛውን ግን አላሰቡም። የእኛ ሰው ድንኳን ካየ መጀመሪያ ገብቶ ይቀመጣል፣ የሟቹን ማንነት ኋላ ነው የሚጠይቅ። የሰፈር ሴቶች ትኩስ ንፍሮ በሰፌድ ይዘው መጡ። ልጇ ወታደር የሆነ አንዲት ጎረቤት የልጇ መርዶ መስሏት ደረቷን እየደቃች ገባች። መኪና ይግባ ካሉት ዋናው፣ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ፣ ሱቃቸውን ቆልፈው መጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«አላህ ያጽናችሁ። ማን ነው ያረፈው?»

ከጉልት ሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎተተች።

«እኛ ነን፣ ሐጂ» አሉ እትየ ታንጉት። «ዛሬ የምንቀበረው እኛ ነን።»

ሐጂ ሰይድ ቀስ ብለው ተነሡ። «ታንጉት፣ የእኔ ሱቅ ሲሞት ደጄ ላይ በርበሬ ትሸጪ ነበር። ድንኳን የተከለልኝ ማን ነው?»

«ደጅዎን ጠረግሁልዎ እንጂ ምን በደልሁዎ?»

«ጠረግሽው! ሰው እስኪጠፋ ጠረግሽው!»

የወታደሩ እናት ሟች እንደሌለ የገባት ይሄኔ ነው። «ልጄን በቁሙ ገደልሽው!» ብላ አንዱን ሰፌድ አንሥታ ንፍሮውን እትየ ታንጉት ላይ ደፋችው። «ሟርተኛ!» «ሞት ጠሪ!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ሌሊት ድንኳኑን አብረው የተከሉት የጉልት ሴቶች «እኛ አላወቅንም» እያሉ ሹልክ ሹልክ አሉ።

የዕድሩ ዳኛ አያ መኳንንት ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። ፖሊሱ ያልደፈረውን ካስማ በገዛ እጃቸው ነቀሉት።

«ቁልፉን አምጪ።»

«አያ መኳንንት፣ ልጆቼን ምን ላብላ?»

«ልጆችሽን በሰው ሞት ልታበይ ነው? ከዛሬ ጀምሮ ዕድር የለሽም!»

ከቀትር በፊት ባጃጆቹ ገቡ። የፈሰሰውን ንፍሮ ጎማቸው ከድንጋዩ ጋር አጣበቀው።

ዘገባዬን የሁለቱንም ወገን ቃል ይዤ ላክሁ። ለጥቂት ጊዜ ገበያው የሞቀ መሰለ፤ ኋላ በመኪና የመጣው በመኪና አልፎ መሄድ ጀመረ። ሐጂ ሰይድ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። እትየ ታንጉት ቄራው ጀርባ፣ ከሽታው ጋር፣ በርበሬያቸውን መሸጥ ቀጠሉ። መንገድ ሲከፈትም ሲዘጋም የሚመረቀው በአንድ ዓይነት ንግግር እንደሆነ የተማርኩት ከዚያች ከተማ ነው።

ችካሉ በተተከለበት ማክሰኞ ከሰዓት የአሁኑን የዕድር ዳኛ አገኘሁት። በእትየ ታንጉት ላይ የተወሰነው ተነሥቶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እሱማ የአያ መኳንንት ቃል ነው» አለ። «ማን ያነሣዋል?»

እትየ ታንጉት ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ዝናብ ነበር። የዕድሩ ድንኳን አልወጣም። ለቀስተኛው የተቀመጠው ቄራው ጀርባ ካለው ጉልታቸው ባመጣነው ላስቲክ ሥር ነው።